በጉ ኮሶውን ከየት አመጣው?

ኮሶ የሚባለው ትል ሰውን እንዴት እንደሚይዘው ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነገር ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ከብርንዶው ጋራ የትሉን ዘር ይውጣል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ኮሶ ያዘው ይባላል፤ ድሮ የኮሶ አበባ ተወቅጦ እየተጠጣ፥ ዛሬም የሐኪም ኪኒን እየተወሰደ ይሽራል። በግ ግን ሥጋ አይበላም። ከሣርና ከቅጠል፥ ከውሃና ከአሞሌ በቀር የሚቀምሰው ነገር የለም። ይሁን እንጂ በግ ሲያርድ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፥ አንዳንድ ጊዜ አንጀቱ ሲከፈት እንደ ነጭ ጥብጣብ የተጠቀለለ፥ ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ይገኝበታል። እንግዲህ ሥጋ የማይቀምሰው በግ ኮሶውን ከየት አመጣው?

ይህ ጥያቄ የእንስሳት ሐኪሞችን ለብዙ ዘመን አስቸግሯቸው ነበር። የትሉ እንቁላል ከበጉ በጠጥ ጋራ ወደ መስክ እንደሚወጣ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ያንኑ እንቁላል ለሌላ በግ ቢያበሉት ትሉ አይበቅልም። በመካከል አንድ ተሸካሚ፥ አንድ አደራ ተቀባይ መኖር አለበት ማለት ነው። የተሸካሚው ማንነት የተገለጠው በ1937 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የነበረው አሜሪካዊ የጥገኛ ትሎች ሊቅ ሆረስ ስተንካርድ፥ የትሉን እንቁላል የበላች አንዲት የአፈር ደቂቅ በሆዷ ውስጥ የትሉን ጨቅላ እንደምታሳድግ አሳየ። በጉ ሣሩን ሲግጥ እርሷን ሳያያት አብሮ ይውጣታል፤ ትሉም በአንጀቱ ውስጥ ተዘርግቶ ያድጋል።

ተሸካሚዋ ከተገኘች ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም፤ እንዲያውም የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። በአንድ መስክ ላይ የእርሷ ዘመዶች በብዙ ዓይነት ይገኛሉና፤ ሁሉም ግን የበጉን ትል አይሸከሙም። አብዛኞቹ አፈሩን የሚያለሙ ምስጉን ሠራተኞች ናቸው። ታዲያ ተሸካሚዋን ከደጋጎቹ ዘመዶቿ በምን እንለያታለን? የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ማን እንደ ሆነች እንወቅ። በሳይንስ ስሟ ኦሪባቲድ ትባላለች። የዶሮ ቅንቅን የሚባለውን ደቂቅ ተባይ ያየ ሰው መልኳን በሩቁ ሊገምት ይችላልና፥ በዚህ ዓምድ «የአፈር ቅንቅን» እያልን እንጠራታለን። ነገር ግን ደም አትመጥም፥ ሰውንም አትነክስም። ከዝንብና ከጉንዳን ወገንም አይደለችም፤ የመዥገርና የሸረሪት ዘመድ ናት። ርዝመቷ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር አምስተኛ እጅ እስከ አንድ ሚሊሜትር ስለ ሆነ፥ ብዙዎቹ ዓይነቶች ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ያንሳሉ። ምግቧ የወደቀ ቅጠል፥ የበሰበሰ እንጨትና ሻጋታ ነው። ቅጠሉን እያደቀቀች፥ የሻጋታውንም ዘር በሰውነቷ ይዛ ከቦታ ወደ ቦታ እያዛመተች፥ የረገፈው ሁሉ ተመልሶ አፈር እንዲሆን ትረዳለች። በደን ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ ቅንቅኖች ሊገኙ ይችላሉ። ዘሯም እጅግ ጥንታዊ ነው፤ በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት ጊልቦአ በተባለ ስፍራ፥ ዕድሜው ከ370 ሚሊዮን ዓመት በሚበልጥ ድንጋይ ውስጥ ቅሪቷ ተገኝቷል።

በ1758 ዓ.ም. ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔዎስ ከእነዚህ አንዷን «ኮሌኦፕትራቱስ» ብሎ ሰየማት፤ ስሙ ጥንዚዛን የሚያስታውስ ነው። እውነትም አዋቂዎቹ ብዙውን ጊዜ ቡናማ፥ ጠንካራና የሚያብለጨልጭ ጥሩር ስለሚለብሱ ከጥንዚዛ ጋራ ይመሳሰላሉ። ከሊኔዎስ ወዲህ እስከ ዛሬ ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ11,000 በላይ ሆነዋል። ከ11,000 ባለ ጥሩሮች መካከል አንዷን ለይቶ በስሟ መጥራት ቀላል ነገር እንዳልሆነ ትረዳላችሁ።

መቼም ያላዩትን መለየት አይቻልምና፥ እንዴት እንደሚይዟት እናስቀድም። በአንድ ጭብጥ አፈር ውስጥ በመርፌ እየፈለጉ መልቀም ዓይንን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም። በፊረንዜ ከተማ ይሠራ የነበረው ኢጣሊያዊው አንቶኒዮ በርሌዜ በ1905 ዓ.ም. መልካም ዘዴ ፈጠረ። አፉ ሰፊ፥ ግርጌው ጠባብ የሆነ፥ ዘይትና ጋዝ የሚገለበጥበት ዓይነት መቅጃ ወሰደ፤ በአፉ ላይ ወንፊት አኑሮ አፈሩን በወንፊቱ ላይ ጣለ፤ ከዚያም መቅጃውን ከዳር አሞቀው። በ1918 ዓ.ም. ስዊድናዊው አልበርት ቱልግሬን ሙቀቱን ከላይ በተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ አምፑል ተካው። የዘዴው ምሥጢር ይህ ነው፤ አፈሩ ከላይ ወደ ታች እየደረቀ ሲሄድ፥ እርጥበት የሚወዱት ደቂቆች ከሙቀቱና ከድርቀቱ እየሸሹ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በመጨረሻም ከግርጌው ባለው የአልኮል ብልቃጥ ውስጥ ጠብ ይላሉ።

ይህን መሣሪያ ማንኛውም ተማሪ ከቆርቆሮና ከተራ ወንፊት ሊሠራው ይችላል። ከጽድ ወይም ከዝግባ ሥር ሁለት ጭብጥ ርጥብ የቅጠል ብስባሽ አምጥታችሁ፥ መጠነኛ አምፑል ከላይ አብርታችሁ፥ ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት ታገሡ። አልኮል በቀላሉ ይቀጣጠላልና ብልቃጡን ከአምፑሉ ማራቅ እንዳትዘነጉ። በመጨረሻ በብልቃጡ ሥር እንደ ተፈጨ ቃሪያ ፍሬ የረጋውን ነገር በማይክሮስኮፕ ብትመለከቱት፥ ከእግራችሁ በታች የኖረ አንድ ሕዝብ ታያላችሁ።

እዚህ ላይ በራሴ የደረሰውን ላጫውታችሁ። በተማሪነቴ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ ብልቃጥ ሲሰጠኝ፥ አንዲት ጠቆር ያለች፥ አንዲት ፈዛዛና ወፍራም፥ አንዲት ደግሞ ከሁሉም ያነሰች ነጣ ያለች አገኘሁ። ወዲያው በደብተሬ ላይ «ሦስት ዝርያ» ብዬ በጉልህ ጻፍሁ፤ ሥዕላቸውንም አሳምሬ ሣልሁ። መምህሬ መጥቶ አንድ ጊዜ በማይክሮስኮፑ ካጐነበሰ በኋላ፥ ሳቅ ብሎ «የሦስተኛዋን እግር ቈጠርኸው?» አለኝ። ብቈጥረው ስድስት ነው። «እርሷ ገና ከእንቁላል የወጣች ናት፤ ወፍራሟም አካለ መጠን አላደረሰችም፤ አንተ ግን ልጆችን ነገድ አድርገህ ጻፍሃቸው» አለኝ። እጅግ አፈርሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ከመሰየም በፊት መቍጠር እንደሚገባ አልረሳሁም። መጠንና ቀለም ያታልላሉ፤ ቍጥርና ቅርጽ ግን የበለጠ ይታመናሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዕድሜዋ ስንት ነው?» የሚል ነው። የአፈር ቅንቅን ከእንቁላል ስትወጣ ስድስት እግር አላት። ከዚያ በኋላ ቆዳዋን እየገፈፈች ሦስት የልጅነት ደረጃዎችን በስምንት እግር ታልፋለች፤ በመጨረሻም አዋቂ ሆና ጥሩሯን ትለብሳለች። ስምንት እግር ካላት በየትኛው ደረጃ ላይ እንደ ሆነች በሆዷ በኩል ይታወቃል። በብልቷ በር ውስጥ ጡት መሰል ትናንሽ እንክብሎች አሉ፤ በመጀመሪያው ደረጃ 1 ጥንድ፥ በሁለተኛው 2 ጥንድ፥ በሦስተኛው 3 ጥንድ ናቸው። አዋቂዋም 3 ጥንድ አላት፤ ነገር ግን በጠነከረው ጥሩሯ ከልጆቹ ትለያለች። በብዙ ዓይነቶች ዘንድ ልጅ እናቱን ፈጽሞ አይመስልም። እንዲያውም የአንዳንዶቹ ልጆች የገፈፉትን ቆዳ አይጥሉም፤ አንዱን ባንዱ ላይ ደራርበው እንደ ተቈለለ ሰፌድ በጀርባቸው ይሸከሙታል። በ1884 እና በ1888 ዓ.ም. ስለ እንግሊዝ አገር የአፈር ቅንቅኖች በሁለት ቅጽ የጻፈው አልበርት ማይክል፥ የትኛው ልጅ የየትኛዋ እናት እንደ ሆነ ለማወቅ ልጆቹን በመስተዋት ዕቃ ውስጥ እያሳደገ ይጠባበቅ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለእንዲህ ያለው ትዕግሥት ነው።

አዋቂ መሆኗ ከተረጋገጠ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ የሰውነቷ አሠራር ነው። ሰውነቷ በሁለት ታላላቅ ክፍሎች የተሠራ ነው፤ ከፊት የራስ ጋሻ፥ ከኋላ የጀርባ ጥሩር አላት። አንዳንዶቹ ጠላት ሲነካቸው የራሳቸውን ጋሻ እንደ ሰንጢ ስለት ወደ ታች አጥፈው፥ ስምንቱንም እግር ወደ ውስጥ ከተው እንደ ተቈለፈ ሣጥን ይሆናሉ። ጕንዳን ቢያገኛቸው እንኳ የሚይዝበት ቦታ ያጣል። እንዲህ የምትታጠፍ ካገኛችሁ አንድ ታላቅ ወገን ለያችሁ ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የሆድ በሮች ናቸው። ቅንቅኗን ገልብጣችሁ ስታዩ፥ ባለ ሁለት መዝጊያ የሆኑ ሁለት በሮች ታገኛላችሁ፤ የፊተኛው የብልት፥ የኋለኛው የፊንጢጣ በር ነው። ጥንታውያን በሚባሉት ወገኖች ዘንድ በሮቹ ብዙ ጊዜ ትልልቅ ሆነው እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ይገኛሉ። በኋለኞቹ ወገኖች ግን ትንንሾች ሆነው በመካከላቸው ሰፊ ግድግዳ አለ። በየመዝጊያው ላይ የበቀሉት ጠጕሮች ቍጥርም ዋና ምልክት ስለ ሆነ ሳይቈጠር አይታለፍም።

አራተኛው ጥያቄ ሁሉን የሚያስደንቀው የዋንጫዋ ጠጕር ነው። በራስ ጋሻው ኋላ ግራና ቀኝ እንደ ትንሽ ዋንጫ የጐደጐደ ቦታ አለ፤ ከዚያም ዋንጫ ውስጥ አንድ ልዩ ጠጕር ይወጣል። በእርሱ የነፋስን እንቅስቃሴ ትሰማለች። ቅርጹ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ ባንዷ ላይ እንደ ክር የቀጠነ፥ በሌላዋ እንደ ዱላ ጫፉ ያበጠ፥ በሌላዋ እንደ እንዝርት ከወገቡ የወፈረ፥ በሌላዋም እንደ ሚዶ ጥርስ ያወጣ ነው። ነገር ግን ጠጕሩ በቀላሉ ይሰበራልና፥ በአንድ ወገን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ግራውን ከቀኙ አመሳክሩ። ስባሪውን እንደ ሙሉ ቈጥሮ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ማለት ጀማሪን የሚያሳፍር ስሕተት ነው።

አምስተኛው ጥያቄ የጀርባው ጥሩር ነው። ከጥሩሩ ግራና ቀኝ እንደ ካባ ጫፍ ወደ ታች የሚንጠለጠል ክንፍ መሰል ነገር አላትን? ለመብረር የሚሆን አይደለም፤ እግሮቿን የሚከልል ጋሻ ነው። ካላት፥ ከጥሩሩ ጋራ ደርቆ የተጣበቀ ነው ወይስ እንደ በር በማጠፊያ ይንቀሳቀሳል? እንደዚሁም በጥሩሩ ላይ እንደ ወንፊት በደቂቅ ቀዳዳ የተሞሉ ክብ ቦታዎች ይታያሉን? ወይስ በወንፊቶቹ ፈንታ ወደ ውስጥ የገቡ ትናንሽ ከረጢቶች አሉ? በመጨረሻም የእግሯ ጥፍር በየእግሩ ጫፍ 1 ነው፥ 2 ነው ወይስ 3? እነዚህ ሁሉ ተቈጥረው ሲጻፉ የአንዲት ቅንቅን መታወቂያ ወረቀት ይሞላል።

ስለ ጥፍሯ ከተነሣ አይቀር፥ አርኬጎዜቴስ ሎንጊሴቶሱስ የምትባለዋን ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። በ2007 ዓ.ም. በጀርመን አገር ሚካኤል ሄትሆፍና ላርስ ኮርነር የተባሉ ተመራማሪዎች ኀይሏን ለኩት። ክብደቷ ከአንድ ሚሊግራም አሥረኛ እጅ የማይበልጠው ቅንቅን፥ ሻካራ ነገር ላይ ጥፍሯን ስትተክል የራሷን ክብደት 1,180 እጥፍ የሚያኽል ኀይል ተቋቋመች። ነገሩን በ60 ኪሎ ሰው ብናሰላው 70 ቶን ገደማ መሆኑ ነው። እርግጥ አካል ባነሰ መጠን ኀይል ከክብደት ይልቅ የበለጠ መስሎ ይታያል፤ ቢሆንም የሚያስገርም ነው።

አሁን ወደ በጋችን እንመለስ። የበጉን ትል በመሸከም ስማቸው ብዙ ጊዜ ከሚጠራው ወገኖች ሁለቱ ጋሉምና እና ሼሎሪባቴስ ይባላሉ። ሁለቱም ቡናማ ናቸው፤ ሁለቱም በመስክ ሣር ሥር ይኖራሉ፤ ሁለቱም በጐናቸው ክንፍ መሰሉ ጋሻ አላቸው፤ ሁለቱም በየእግራቸው ጫፍ 3 ጥፍር አላቸው። በዓይን ብቻ ያያቸው ሰው አንድ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። በማይክሮስኮፕ ሥር ግን እንዲህ ይለያያሉ።

ጋሉምና ክንፍ መሰሏ ሰፊ ነው፤ እንደ ዝሆን ጆሮ ወደ ታች ተዘርግቶ በማጠፊያ ይንቀሳቀሳል። የሼሎሪባቴስ ግን አነስ ያለና ከጥሩሩ ጋራ የተጣበቀ ስለ ሆነ አይነቃነቅም። በጋሉምና ጀርባ ላይ ወንፊት መሰሎቹ ቦታዎች ይታያሉ፤ በሼሎሪባቴስ ጀርባ ላይ ግን በወንፊቱ ፈንታ 4 ጥንድ ከረጢቶች አሉ። በራስ ጋሻዋ ላይ ሼሎሪባቴስ ቀጭን ጠርዝ ከፍ ብሎ ወጥቶላታል፤ ጋሉምና ግን በዚያ ቦታ በጥሩሩ ላይ የተሰመረ መስመር ብቻ አላት። በመጨረሻም የብልታቸውን በር መዝጊያዎች ተመልከቱ፤ በጋሉምና በያንዳንዱ መዝጊያ ላይ 6 ጠጕር፥ በሼሎሪባቴስ በያንዳንዱ ላይ 4 ጠጕር ትቈጥራላችሁ። አንድ ምልክት ብቻ ቢሆን ሊያጠራጥር ይችል ነበር፤ አራቱ ሲስማሙ ግን ምስክርነቱ የጸና ነው።

በዚያው መስክ ላይ ኦፒየላ ኖቫ የምትባል ሦስተኛ ጎረቤት ልትገኝ ትችላለች። እርሷ ከአንድ ሚሊሜትር ሩብ እጅግም አትበልጥም፤ ክንፍ መሰል የላትም፤ የዋንጫዋ ጠጕር እንደ እንዝርት ነው። ወንድ አትፈልጉላት፤ ይህች ዝርያ ያለ ወንድ የምትራባ ናት፤ በ2021 ዓ.ም. የታተመ ምርምርም ይህን ልማዷን ለረጅም ዘመን እንደ ጠበቀች የሚያሳይ ማስረጃ በዘር ቅንጣቷ ውስጥ አግኝቷል። እንዲህ ያለችው ደቂቅ የትሉን እንቁላል በሙሉ ልትውጥ አፏ አይበቃም። እንግዲህ አንድ መርማሪ «በዚህ መስክ በካሬ ሜትር ይህን ያኽል ሺህ ቅንቅን አለ» ብሎ ቢጽፍ ለበጉ ባለቤት ምንም አልነገረውም። ሁሉም ኦፒየላ ከሆኑ የሚያሠጋ ነገር የለም፤ ጋሉምናዎች ከሆኑ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስም የሌለው ቍጥር ባዶ ነው።

ይህን የመቍጠር ጥበብ ከሁሉ በላይ ያሳደገው ሰው የእንስሳት ሊቅ ሆኖ ሥራውን የጀመረ አይደለም። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ግራንዣን (1882-1975) የማዕድን መሐንዲስና የድንጋይ ተመራማሪ ነበር። ወደ ቅንቅኖች ሲዞር ለማዕድን መመርመሪያ የሚያገለግለውን፥ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲርገበገብ የሚያደርገውን ማይክሮስኮፕ ይዞ መጣ። በዚያም መሣሪያ ሲያይ፥ የአፈር ቅንቅን ጠጕር በጨለማ ውስጥ እንደ ተለኰሰ ክር ሲያበራ አገኘው፤ የመዥገር ጠጕር ግን አያበራም። በዚህ አንድ ምልክት የቅንቅንና የመዥገር ወገን ሁሉ በሁለት ታላላቅ ነገዶች ተከፈለ። ድንጋይ ያስተማረው ዓይን በጠጕር ላይ የተሰወረውን አየ ማለት ነው።

ግራንዣን ሌላም ነገር አደረገ። በቅንቅኗ ጀርባ ላይ ላለው ለያንዳንዱ ጠጕር የፊደል ምልክት ሰጠው። ጠጕሩ በአንዲት ዝርያ ላይ ቢረዝም፥ በሌላዋ ቢያጥር፥ በሦስተኛዋ ጨርሶ ቢጠፋ ምልክቱ አይለወጥም፤ የጠፋው ጠጕር ቦታው ባዶ ሆኖ ይቈጠራል እንጂ ጎረቤቱ ስሙን አይወስድበትም። በመዝገብ ቤት የምትሠሩ አንባቢዎቼ ይህን ከሌላው ይልቅ ትረዱታላችሁ። ፋይል ቍጥር 214 ቢጠፋ 215ን «214» ብላችሁ አትጽፉትም፤ ብትጽፉት ከዚያ በኋላ ያለው መዝገብ ሁሉ ይበላሻል። ግራንዣን ለቅንቅን ጠጕሮች መዝገብ ቤት አቆመላቸው። አመለካከቱም ቀላል ነበር፤ ቅንቅኗን በላክቲክ አሲድ አንጽቶ በጐድጓዳ መስተዋት ላይ ያኖራታል፤ በቀጭኑ መሸፈኛ መስተዋት በጥቂቱ እየነካ ያንከባልላታል፤ እንዲህ አድርጎ ጀርባዋንም ሆዷንም ጐኗንም ያያል። አንድ ወገን ብቻ አይቶ አልፈረደም።

«በዛሬ ዘመን ዲ ኤን ኤ የሚባለው የዘር መመርመሪያ እያለ ጠጕር መቍጠር ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእርግጥ የዘር ምርመራ በመልክ አንድ የሚመስሉ ቅንቅኖች በውስጣቸው የተለያየ ነገድ ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳይቷል፤ ስለዚህ የአካል ምልክት ብቻውን የመጨረሻ ቃል አይደለም። ነገር ግን ከ11,000ዎቹ ስሞች አብዛኞቹ የወጡት በአካል ምልክት ነው። የዘር ምርመራው ሁለቱ ይለያያሉ ሲለን፥ የትኛዋ በየትኛው ስም እንደምትጠራ የሚነግረን አሁንም ጥሩሩ፥ በሩና ጠጕሩ ነው። ሁለቱ ጥበቦች እንደ ሁለት ምስክሮች ናቸው፤ ቃላቸው ሲገጥም ፍርዱ ይጸናል።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ሩሲያዊው ሰርጌይ ኤርሚሎቭ ከባልደረቦቹ ጋራ፥ ከኢትዮጵያ ደኖች ከተሰበሰበ አፈርና የቅጠል ብስባሽ ውስጥ ለሳይንስ አዲስ የሆኑ የአፈር ቅንቅን ዝርያዎችን እየለየ ስም አውጥቶላቸዋል። ከእኛው ዛፍ ሥር፥ እኛ በየዕለቱ ከምንረግጠው ቅጠል ውስጥ ማለት ነው። ገና ስም ያልወጣላቸው መኖራቸው አያጠራጥርም። ደኑ ከተመነጠረ ግን ብዙዎቹ ስማቸው ሳይታወቅ ይጠፋሉ፤ ያልተመዘገበ ሲጠፋ ደግሞ የሚፈልገው የለም።

ለበጉ ባለቤትስ ምን ጥቅም አለው ቢባል፥ አለው። ቅንቅኖቹ እርጥበትን ስለሚወዱ ጧት ጤዛው ሳይረግፍና ወደ ማታ ሲቀዘቅዝ በሣሩ ላይ ይወጣሉ፤ ፀሐይ ሲበረታ ወደ ሥሩ ይወርዳሉ። ስለዚህ ተሸካሚዋ በበዛችበት መስክ ግልገሎችን ጤዛው ሳይደርቅ አለማሰማራት ማስተዋል ነው። መስኩ ሲታረስም ቍጥራቸው ይቀንሳል። ትሉ ብዙ ጊዜ በትልቅ በግ ላይ ከባድ ጉዳት አያደርስም፤ በግልገል ላይ ሲበዛ ግን ዕድገቱን ይቀንስበታል። በበጠጡ ላይ የበሰለ ሩዝ የመሰለ ቍራጭ ያየ ሰው የእንስሳት ሐኪም ይጠይቅ። ነገር ግን ተሸካሚዋን አጠፋለሁ ብሎ በመስኩ ላይ መርዝ የሚረጭ ሰው፥ አንዲቱን በሺዎቹ ደጋግ ሠራተኞች ነፍስ ይገዛል፤ አፈሩንም ይጎዳል። ወዳጅንና ተሸካሚን አለመለየት ዋጋው ይህ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎች፤ ከተማሪዎቹ መካከል የሥነ ፍጥረት ትምህርት የሚከታተል ካለ፥ በመጪው እሑድ ሁለት ጭብጥ የቅጠል ብስባሽ አምጥቶ ይሞክር። መጀመሪያ እግሩን ይቍጠር፤ ቀጥሎ የሆዱን በር፥ የዋንጫውን ጠጕር፥ ክንፍ መሰሉን ይመልከት፤ ያየውን ሁሉ ይሣል፤ ስሙን በመጨረሻ ይጻፍ። የቢሮ ሠራተኛውም ቢሆን ከዚህች ደቂቅ የሚወስደው ትምህርት አያጣም፤ በፊቱ የቀረበውን ጉዳይ መልኩን አይቶ ከመወሰኑ በፊት ዝርዝሩን ይቍጠር። መልክ ብቻ አይቶ የተጻፈ ስም፥ የእኔ የተማሪነት ደብተር እንደ መሰከረው፥ ልጅን ነገድ ያደርጋል።

ለሳምንቱ ሰው ይበለን።